ቁራኛ በሆስፒታል ደጃፍ

በሀገራችን የሕክምና ሒሳብ ይለመንበታል እንጂ አይከራከሩበትም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሻ ሰው እሑድ ጠዋት ወደ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጎራ ይበል። ባሕር ዳርም ይሁን ሐሙሲት፣ ጎንደርም ይሁን አዲስ አበባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ሲወጡ በበሩ ግራና ቀኝ ከሚቆሙት መካከል አንድ ሁለቱ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ደረታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ወረቀቱ የሆስፒታል ነው። የታማሚው ፎቶግራፍ አለበት፤ ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ ከግርጌው የገንዘብ መጠን ሰፍሯል። አላፊ አግዳሚው ፎቶግራፉን አይቶ ያዝናል፤ ማኅተሙን አይቶ ያምናል፤ ከኪሱ ያገኘውን ይወረውራል። ቁጥሩን አይቶ «ይህ ገንዘብ የምን የምን ዋጋ ተደምሮ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የሒሳብ መጠየቂያው የልመና ፈቃድ ከሆነ ሰነበተ።

የሚሰጡትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም። መስጠታቸው ይባረክ! ነገር ግን የሕዝብ ርኅራኄ አንድ ሊጠየቅ የሚገባውን ወገን ከመጠየቅ እያዳነው መሆኑን ልብ እንበል። ለከፋዩ ሒሳቡ ምጽዋት ነው፤ ለተቀባዩ ግን ያው ገቢ ነው። በበሬ ሽያጭ ቢመጣ፣ በእድር ብድር ቢመጣ፣ ከዋሽንግተን በሐዋላ ቢመጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢለቀም በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ሲደርስ ልዩነት የለውም። እንግዲህ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ ብቻ መምጣቱ ካልቀረ፣ ስለ ቁጥሩ ማብራሪያ ለመስጠት ማን ይደክማል?

ነገሩን በሩቁ እንዳላወራ፣ በቅርብ የተከታተልሁትን አንድ ጉዳይ ላንሣ። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ጠቤ ከአንድ ሆስፒታል ጋር አይደለምና።

አጎቴ ከሐሙሲት ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ሐሙሲትን ለማታውቁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወደ እስቴ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት የደራ ከተማ ናት። አጎቴን አንድ ሌሊት ሆዱን ቆረጠው፤ ነፋው፤ አስመለሰው። ጎሕ ሲቀድ በሚኒባስ ዓባይን ተሻግሮ ባሕር ዳር ገባ። ጊዜ የሚሰጥ ሕመም ስላልነበረ በቅርብ ወደተገኘው የግል ሆስፒታል አስገባነው። የአንጀት መታጠፍ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት ወጣት ሐኪም ነፍሱን አትርፎለታል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አጎቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው፤ መዋጮውን በየዓመቱ ይከፍላል። ከግል ሆስፒታሉ ጋር ግን ውል የለምና ያ ደብተር በዚያ መስኮት ዋጋ አልነበረውም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሙ «መውጣት ይችላል» ብሎ ጻፈ። ሒሳቡ መጣ። አንድ ገጽ፣ ስድስት መሥመር፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከስድስቱ መሥመሮች ትልቁን ገንዘብ የያዘው «ልዩ ልዩ የሕክምና ዕቃዎች» የሚለው ነበር። ዝርዝሩ ይሰጠኝ አልሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ በትሕትና «ሲስተሙ የሚያወጣው እንዲህ ነው፣ ዶክተር» አለችኝ። ሲስተሙ እንግዲህ እንደ ሰማይ ዝናብ ማንም የማያዝዘው ነገር ሆኗል! በማግስቱ፣ ከሁለት ቢሮ ምልልስ በኋላ፣ ሦስት ገጽ ዝርዝር ወጣ። ሲስተሙ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ይደንቀኛል። የአጎቴ ባለቤት ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን በእነዚያ ስድስት ቀናት «ይህ መድኃኒት እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» እየተባለ ከየፋርማሲው የተገዛውን ሁሉ ደረሰኙን አንድ በአንድ በመቀነቷ ቋጥራ ይዛ ነበር። ቋጠሮው ተፈታ። ዝርዝሩን ከደረሰኞቹ ጋር አስተያየን። እኛ ከውጭ የገዛነው ግሉኮስ፣ እኛ ከውጭ የገዛነው ጓንት፣ እኛ ከውጭ የገዛነው የመርፌ መድኃኒት ሆስፒታሉ እንደሰጠ ሆኖ በሒሳቡ ላይ ተጽፏል። ሐኪሙ «ውጣ» ካለ በኋላ ገንዘብ ስናሰባስብ የቆየንባቸው ሁለት ቀናት የአልጋ ኪራይም ተደምሯል።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀረብን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ቡና አዘዘልን። ሰነዶቹን ካየ በኋላ «እንግዲህ ዶክተር፣ ለእርስዎ ስንል አሥር በመቶ እንቀንስልዎታለን» አለ። የሁሉም ነገር ቁልፍ ይህች ዐረፍተ ነገር ናትና ትንሽ እንቆይባት። ቅናሽ ማለት ምን ማለት ነው? ቅናሽ ማለት «ገንዘቡ የእኔ ነው፤ ነገር ግን ደግ ነኝና ከድርሻዬ እሰጥሃለሁ» ማለት ነው። ያልሸጠውን ግሉኮስ ዋጋ ትቶልኝ ማመስገን የሚገባኝ እኔ ልሆን ነው! የምንጠይቀው ቅናሽ ሳይሆን እርማት መሆኑን ነገርሁት። በዚህ መካከል የአጎቴ ሚስት እጄን ያዝ አድርጋ «ተው የኔ ልጅ፤ ነገም ቢያመን የምንመጣው ወደዚሁ አይደል?» አለችኝ።

በመጨረሻ የመድኃኒቱና የዕቃው ሒሳብ ታረመ፤ የሁለቱ ቀናት አልጋ ግን አልታረመም። ከተጠየቅነው ሩብ ያህሉ ወረደ። ይህን የምጽፈው ለፉከራ አይደለም። የተሰማሁት ትክክል ስለሆንሁ አይመስለኝም። ከስሜ በፊት የሚጠራ ማዕርግ አለ፤ እንግሊዝኛውን አነብባለሁ፤ ሁለት ቀን ከሥራዬ ቀርቼ ብመላለስ ደመወዜ አይቆረጥም። ከእኔ ጎን ባለው መስኮት ላይ የነበረው ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ከፎገራ ላሞቹ አንዷን ሽጦ የመጣ ነው፤ ለአስታማሚዎች ሲናገር ሰምቼዋለሁ። የተጠራለትን ቁጥር ሰምቶ፣ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ፣ አስረክቦ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። በእሱ ሒሳብ ላይ ከውጭ የተገዛ ጓንት ስንት ጊዜ እንደተደመረ ማንም አያውቅም፤ አልተቆጠረምና።

አሁን ወደ እነዚያ ሁለት ቀናት ልመለስ። አጎቴ በእነዚያ ቀናት ታማሚ አልነበረም። ቁስሉ ደርቋል፤ ሐኪሙ አሰናብቶታል፤ በእግሩ ይሄዳል። ነገር ግን ከግቢው መውጣት አይችልም፤ ዘበኛው የመውጫ ወረቀት ይጠይቃል፤ የመውጫ ወረቀቱን የሚሰጠው ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። ይህን ሁኔታ በቀጥተኛ አማርኛ ምን እንለዋለን?

አባቶቻችን ስም ነበራቸው፤ ቁራኛ ይሉት ነበር። ባለዕዳው ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት፣ አንዳንዴም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይቀመጣሉ፤ አብረው ያድራሉ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሡ ፎቶግራፎች እንዲህ የተቆራኙ ሰዎችን ያሳያሉ። ዛሬ ሥርዓቱ ቀርቶ «የዓይን ቁራኛ» በሚለው አነጋገር ብቻ ይታወሳል። ኋላ ቀር ነው ብለን የምንስቅበት ይህ ሥርዓት ግን አንድ ፍትሕ ነበረው፤ አበዳሪውም ይታሰራል። ዕዳው በዘገየ ቁጥር የእሱም እርሻ ያድራል፤ የእሱም ገበያ ይቀራል። ስለዚህ ለመስማማት ሁለቱም ምክንያት አላቸው። የሆስፒታሉ ቁራኛ ግን አንድ እጅ ብቻ ነው የሚያስረው። ታሳሪው በየቀኑ ለታሰረበት አልጋ ኪራይ ይከፍላል፤ ዕዳው መታሰሩን ይወልዳል፤ መታሰሩ ዕዳውን ይወልዳል። እንዲህ ያለ ነገር በድሮው ባላገር ዳኛ ፊት ቢቀርብ «በሕግ አምላክ!» የሚያሰኝ ነበር።

ሕጉስ? ሕግ የለም ብለው የሚያለቅሱ ምሁራን ወዳጆች አሉኝ። ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 585 ሰውን ከሕግ ውጪ ይዞ ነጻነቱን የነፈገ ሰው በእስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚያም አልፎ በአንቀጽ 2040፣ ሥልጣን ሳይኖረው የሌላውን ሰው ነጻነት ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢሆን የነካ፣ እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከለ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል። ባንክ ብድሩን ያልከፈለ ደንበኛውን በቅርንጫፉ ውስጥ አያሳድርም። ቤት አከራይ ኪራይ ያልከፈለውን ሰው አስሮ አይዘውም። ይከሳሉ፤ ፍርድ ቤት ይወስናል። ሆስፒታሉ ከሁለቱ በምን ይበልጣል? ሕሙሙ ደካማ መሆኑ ካልሆነ በቀር መልስ የለኝም።

የጎረቤታችን የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህንኑ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2015 መልሶታል። በናይሮቢ ፑምዋኒ የእናቶች ሆስፒታል ወልደው መክፈል ስላቃታቸው እንዳይወጡ የተያዙ ሁለት እናቶች ከሰው፣ መያዛቸው ከሕግ ውጪ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ በይኖ ካሣ ወስኖላቸዋል። ሁለት ድሆች እናቶች ናቸው፤ እድር አሰባስቦ የከፈለላቸው ሳይሆን ጠበቃ የቆመላቸው። በእኛ ሀገር እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ ችሎት የቆመ ጠበቃ አልገጠመኝም፤ ሽማግሌ ልኮ «ትንሽ ይቀነስለት» ያስባለ ግን ስንቱን አውቃለሁ።

ደግሞ የቋንቋው ነገር አለ። የአማራ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ በአማርኛ ይጻፋል። ገበሬው በዕድሜው ከሚከፍላቸው ሒሳቦች ሁሉ ከባዱ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፍለታል፤ ያውም በአሕጽሮት። የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ሙያው ነው። «የአልጋ ሦስት ቀን»፣ «ጓንት አሥር ጥንድ» ማለት ግን ምን ሳይንስ አለበት? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ለማያነብበው ሰው በማያውቀው ቋንቋ የተሰጠ መረጃ በቂ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ እጠብቀዋለሁ።

አሁን ወደ ተውሁት ደብተር ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነውና።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በሀገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች ሦስቱ በአማራ ክልል ነበሩ፤ ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ፎገራ። ፎገራ ማለት ከሐሙሲት ወደ ጎንደር ሲኬድ የሚቀጥለው ሀገር ነው። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰው ስለ መድን በሬዲዮ የሰማ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቱ ሲሠራ ያየ ነው። ዐሳቡ ድንቅ ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል፤ መንግሥት ይደጉማል፤ የድሀ ድሀው በነጻ ይካተታል። ብዙ ገበሬ በዚህ ደብተር ታክሟል፤ ነፍሱን ያተረፈበትም አለ። የምነቅፈው መድኑን ሳይሆን የጎደለውን አንድ ነገር ነው።

መድን ማለት ሕመም ሲመጣ የሚከፍል ብቻ አይደለም፤ ስለ ሒሳቡ የሚከራከርልህ ወገን ጭምር ነው። በሌላው ዓለም ኢንሹራንስ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው፤ ሒሳብ የሚመረምር ሠራተኛ አለው፤ «ይህን ለምን ጻፍህ?» ብሎ ሆስፒታሉን ይጠይቃል። በእኛም ወረቀት ላይ አሠራሩ አለ። መድኑ ከጤና ጣቢያውና ከሆስፒታሉ ጋር ውል ይገባል፤ ተቋሙ የተሰጠውን አገልግሎት ሒሳብ በየጊዜው አቅርቦ ይጠይቃል፤ መድኑ መርምሮ ይከፍላል። ይህ ክርክር ግን በሁለቱ ቢሮዎች መካከል፣ ወራት ቆይቶ፣ በደብዳቤ የሚካሄድ ነው። አባሉ ተኝቶ ሳለ የሚነሣው ክርክር ሌላ ነው፤ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ»፣ «መሣሪያው ተበላሽቷል፣ በግል ተነሣ»፣ «ሪፈርህ ይህን አይሸፍንም» የሚለው። ያን ክርክር የሚከራከረው ማነው? ባለደብተሩ ገበሬ ራሱ። ሁለቱ ባለውሎች በሌሉበት፣ ውሉን አንብቦት የማያውቀው ሰው ስለ ውሉ ይሟገታል።

እናም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንድ ጊዜ መዋጮውን፣ ሌላ ጊዜ የውጭ ፋርማሲውን። የውጭውን ደረሰኝ ይዞ ሲመለስ «ይህ ማኅተም ይጎድለዋል»፣ «ያ ከውል ውጪ ነው» ሊባል ይችላል፤ አንዱን ደረሰኝ ለማስመለስ የሚያወጣው የመኪና ገንዘብ ከደረሰኙ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልሉ ባለበት ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የሪፈሩ ደረጃ ራሱ ቀልድ ይሆናል። ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፤ ወረቀቱ ይህን መሰላል ይዞ ይወጣል፤ አንጀቱ የታጠፈበት ሰው ግን ያገኘው መኪና ያወረደው ደጃፍ ላይ ይወርዳል። ደረጃውን ሳይጠብቅ ለሄደ ሙሉ ሽፋን የለም። አጎቴ ደብተሩን ይዞ እንደሌለው የሆነው በዚህ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከሆስፒታል አስተዳዳሪ ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁና። «መድኑ የሚከፍለንን ያዘገያል፤ እኛ በምን መድኃኒት እንግዛ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ስንት እጥፍ ሆነ? የገበሬው መዋጮ የት፣ የመድኃኒቱ ዋጋ የት!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የሀገሪቱ የጤና ወጪ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ ያህሉ አሁንም በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የሚወጣ ነው። የገንዘቡ እጥረት የማይካድ ነው። ነገር ግን እጥረት ሒሳብን ለመደበቅ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ብዙ ያለው ሰው ሳይቆጥር ቢሰጥ ያምርበታል፤ ገንዘብ ያጠረው ተቋም ግን የእያንዳንዱን ጓንት ሒሳብ ማሳየት የሚገባው እሱ ነው። መድኑ ለሆስፒታሉ ካልከፈለ፣ ሆስፒታሉ መድኑን ይክሰስ። ገበሬው በመካከል መያዣ መሆኑ ለምን?

ሌላው ተቃውሞ «ሐኪሞችን ታስጠላለህ» የሚለው ነው። ይህን አልቀበልም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ኑሮ መረረን፣ ደመወዛችን አላኖረን አለ ብለው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችን እናስታውሳለን። ከአጎቴ አልጋ ሥር ሌሊቱን ቆሞ ያደረው ወጣት ሐኪም በሒሳቡ ላይ ስለተደመረው ግሉኮስ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስነግረው ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። የሒሳቡ ወረቀት ከነጭ ካፖርት ጀርባ ተደብቆ ስለሚመጣ ነው ሕዝቡ ቂሙን በሐኪሙ ላይ የሚይዘው። ዝርዝሩ ግልጽ ሆኖ ቢወጣ መጀመሪያ የሚነጻው ሐኪሙ ነው። ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 537 አሳሳቢ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎቱን የነፈገ ባለሙያን ይቀጣል፤ ያ ግዴታ የሐኪሙ ነው። «መጀመሪያ ማስያዣ ገንዘብ ይከፈል» የሚለውን መመሪያ በበሩ ላይ የለጠፈው ግን ሐኪሙ አይደለም፤ ባለቤቱ ነው። ግዴታውን ለአንዱ፣ ትርፉን ለሌላው የሚያካፍል አሠራር ለሐኪሙም ግፍ ነው።

በውጭ ሀገር ያላችሁ አንባቢዎቼ «አሜሪካ ይብሳል» ትሉኝ ይሆናል። ዋጋው ይብሳል፤ ልዩነቱ ግን እዚያ ሰው ሒሳቡን ይከራከርበታል፤ ለክርክሩም ደጅ ተበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕጋቸው ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ሆስፒታሉ አስቀድሞ ግምቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ የመጣው ሒሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም በላይ ከበለጠ ታካሚው ገለልተኛ ዳኛ መጠየቅ ይችላል። እናንተ ራሳችሁ እዚያ አንዲት የማታውቋት መሥመር ብትደርሳችሁ ስልክ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ከሐሙሲት ግን «ሆስፒታል ገብቷል፣ ይህን ያህል ተጠይቀናል» የሚል ድምፅ በስልክ ሲመጣ ያንኑ ሌሊት ትልካላችሁ፤ ዝርዝሩን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ የሚል አንድም ሰው አላየሁም። ከምትልኩት ገንዘብ ጋር ይህን አንድ ጥያቄ ብትልኩ፣ በሀገር ቤት ያለ ሆስፒታል ሁሉ የሒሳብ ክፍሉን ማስተካከል ይጀምር ነበር ብዬ አምናለሁ። የምትፈሩት ምንድን ነው? እናንተ እንኳ ነገ ታማችሁ ወደዚያ መስኮት አትመጡም።

የአጎቴ ሚስት ፍርሃት ግን የእውነት ፍርሃት ነው። «ነገም የምንመጣው ወደዚሁ ነው» ያለችው ሴት ከእኔ ይልቅ ነገሩን ታውቀዋለች። የተከራከረ ሰው በሚቀጥለው ሕመሙ አልጋ ይጠፋበታል ብላ ትሰጋለች፤ ስጋቷን ከንቱ ነው ብዬ ልከራከራት አልደፍርም። ስለዚህ ነው ክርክሩ በታማሚው ትከሻ ላይ መጣል የለበትም የምለው። ለተማረው ሰው ግን ሰበብ የለውም። ከመክፈሉ በፊት ዝርዝር ይጠይቅ፤ ከውጭ የገዛውን ደረሰኝ ሁሉ ይያዝ፤ የማይስማማበትን መሥመር ለይቶ በጽሑፍ ያስገባ፤ የሚስማማበትን ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበል፤ ቅናሽ ሲሰጠው እርማት ይጠይቅ። መጮኽ አያስፈልግም፤ ሽማግሌም አያስፈልግም። ከእሱ በኋላ በዚያው መስኮት የሚቆመው ገበሬ የሚያገኘው ሒሳብ፣ ከእሱ በፊት የቆመው ሰው ጠይቆ እንደሆነና እንዳልሆነ ይለያያል።

መድኑን ለሚያስተዳድሩት ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በጀት የሚያናጋም አይደለም። በባሕር ዳር ከመድኑ ጋር ውል ባላቸው ሆስፒታሎች የክፍያ መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር ይቀመጥ፤ በወንበሩ ላይ ከወረዳዎቹ የተወከለ፣ ውሉን ያነበበ፣ ደመወዙን ከሆስፒታሉ የማይቀበል አንድ ሠራተኛ ይቀመጥ። ከሐሙሲት፣ ከወረታ፣ ከአዴት፣ ከመርዓዊ የመጣ ባለደብተር «ከውጭ ግዛ» ሲባል ወደ እሱ ዞሮ «ይህ የእኔ ነው ወይስ የእናንተ?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱም በአማርኛ፣ በጽሑፍ፣ በዚያው ቀን ይሰጠው። የወረዳ ካቢኔ ስብሰባ የሚጠራበት የውሎ አበል ለዚህ ሠራተኛ ስንት ወር ደመወዝ እንደሚበቃ ስሌቱን ለባለሥልጣናቱ እተውላቸዋለሁ።